ባዶውን የማይመለስ ምሳ ዕቃ

ልጄ የምሳውን ኮንትራት ለዓመት እንክፈልበት ወይስ ይቅር ብላ የጠየቀችኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልኳን ይዛ አጠገቤ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ የሙከራው ወር ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «ለዓመት ከያዝነው በደንብ ይቀንሱልናል፤ በየወሩ ከሆነ ግን ይወደዳል። ያዋጣናል ወይስ አያዋጣንም? የምትበሉት እናንተ ናችሁ፣ አንቺ ወስኚ።»

ዋጋው አልከበደኝም። የከበደኝ ዓመት የሚለው ቃል ነው። ምሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት ከመጣ የእኔ ምድጃ ዓመት ሙሉ ጦሙን ሊያድር ነው። ዓመት ጦሙን ያደረ ምድጃ ደግሞ ከዚያ በኋላ እኔ እንደማልነካው አውቀዋለሁ። ልጄ የጠየቀችኝ ስለ ምሳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን «ከእንግዲህ ላታበስይ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው።

«ሰኞ ማታ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። እሁድ ከጸሎት ቤት ተመልሼ ሽሮ ልጥድ ቡታጋዙን ስለኩስ፣ ከሲሊንደሩ ወደ ምድጃው የሚመጣው ጎማ ተሰንጥቆ ኖሮ እሳቱ ቦግ ብሎ ወደ ጣሪያው ወጣ። የመስኮቱን መጋረጃ ያዘ። ሻሼን ያዘ። ቀኝ እጄን ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ላጠኝ። ልጄ ያን ቀን ቤት ባትሆንና አልጋ ልብስ ውሃ ነክራ ባትጥልብኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሲሊንደሩንም የዘጋችው እሷው ናት።

እጄ ዳነ። ጠባሳው ተጨማድዶ እንደተዘረጋ ወረቀት ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ክብሪት መጫር አቃተኝ።

ከድሮም ደፋር የምባል ሴት አይደለሁም። የቀለበት መንገዱን ለብቻዬ አላቋርጥም፤ የሚሻገር ሰው እስኪመጣ ቆሜ እጠብቅና ከኋላው እከተላለሁ። ሊፍት ውስጥ አልገባም። ሞተር ሳይክል በአጠገቤ ሲያልፍ ነጠላዬን ሰብስቤ ግድግዳ እለጠፋለሁ። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» ይለኛል ባለቤቴ፣ ሲስቅብኝ። እሱ በያጅ ነው። ፉሪ መንገድ ዳር ባለችው ቆርቆሮ ሱቁ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ይውላል። «የእኔን እንጀራ የሚያበስለው እሳት ነው፣ አንቺን ደግሞ እሳት ከገዛ ማድቤትሽ አባረረሽ» እያለ ይገረማል።

ሳይረዳኝ ቀርቶ አይደለም። አዲስ ጎማ ገዝቶ ገጠመልኝ። ከዚያ ሳሙና በውሃ አሽቶ አረፋውን ጎማው መጋጠሚያ ላይ ቀባና ጠራኝ።

«ነይ እይ። ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ይነፋል። ካልተነፋ ምንም የለም ማለት ነው። እኛ ሲሊንደር የምንፈትሸው እንዲህ ነው።»

አረፋው አልተነፋም። አየሁት፤ አምኜዋለሁም። ክብሪቱን ስይዝ ግን እጄ ከእኔ አልሆን አለ። ትቼው ወጣሁ። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዛልኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስቶቩ ጭስስ አለ፤ እሱንም ፈራሁት። እንዲህ እንዲህ ሆነንና ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በሙዝ፣ ሲሻለን ደግሞ ከሱቅ እንጀራ ገዝተን ምግብ ቤት የተሠራ ወጥ አስጨልፈን በላን። ባለቤቴ ከሳ። ፊት ለፊት አልተናገረኝም፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር ሲበሳ ግን አየሁት።

በዚህ ጊዜ ነው ልጄ ምሳውን ያመጣችው። የምትሠራው መካኒሳ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። አንድ ማታ ስልኳን እያሳየችኝ «ሰብስክሪፕሽን ይባላል፤ በየቀኑ የቤት ምግብ በር ድረስ ያመጡላችኋል» አለችኝ።

«ኮንትራት በይኝ» አልኳት። «ድሮም ነበረ። ሚስት የሌላቸው ላጤዎች አንዲት ሴት ቤት ወር እየከፈሉ ይበሉ ነበር።»

ባለቤቴ ከጋዜጣው ቀና አለ። «ለካ ላጤ ሆኛለሁ» አለ።

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ልጄም ሳቀች። እኔ ተነስቼ ወደ ማድቤት ገባሁ፤ እዚያ ምንም የምሠራው ነገር ስላልነበረ ደረቅ ብርጭቆ ጠረግኩ።

*

ምሳው የሚሠራው ላፍቶ ውስጥ ባለች አንዲት ሴት ማድቤት ነው። የሚያመጣው ደግሞ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ሆዱ የወጣ ጎልማሳ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሞተር ይመጣል፤ ጀርባው ላይ ትልቅ ቀይ ቦርሳ ያዝላል። ከዚህ ሥራ በፊት ዕድሜውን የፈጀው በወያላነት ስለሆነ ደረጃውን የሚወጣው እየተጣራ ነው።

«ምሳ ምሳ ምሳ! ሦስተኛ ፎቅ ወራጅ አለ!»

በመጀመሪያው ቀን ብሎኩ በሙሉ በር ከፍቶ አየን። ድርብርቡን ምሳ ዕቃ ተቀበልኩት። ሞቅ ያለ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ትንሽ አልጫ። የሴት እጅ ያለበት ምግብ ነው፤ የምግብ ቤት ችኮላ የለበትም።

«ነገ ስመጣ ባዶውን ትሰጪኛለሽ፣ እህት ዓለም» አለኝና ወረደ።

ባዶውን። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ ባደግሁበት በወላይታ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ቆሎ ከላከችልሽ፣ ሳህኑ ሲመለስ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። እናቴ ቤት ውስጥ ምንም ሲጠፋ አንድ ጭብጥ ጨው ታደርግበት ነበር፤ ጨውም ሲጠፋ ከጓሮ የጎመን ቅጠል። ባዶ ሳህን መመለስ «በልቼሻለሁ፣ ጨርሼሻለሁ» እንደ ማለት ነው።

በማግስቱ አጥቤ፣ አድርቄ ባዶውን ሰጠሁት። ምን አደርጋለሁ? ቤቴ ውስጥ የበሰለ ነገር የለም። በሩን ዘግቼ ስመለስ ሰርቄ የገባሁ መሰለኝ።

ዋል አደር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ዳጣ ትዝ አለኝ። ዳጣ እሳት አይፈልግም። ወርጄ ከጉልቱ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ገዛሁ። ሙቀጫዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ወቀጥኩ። እጄ ከተቃጠለ ወዲህ ሳልፈራው ያቃጠለኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ቃሪያ ነው። ዓይኔ እያለቀሰ እስኪልም ወቀጥኩና የምሳ ዕቃውን ታችኛውን ሳህን ሞላሁት። ሰውየው ሲመጣ ሰጠሁት። ምንም አላልኩትም።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የማላውቃት ሴት ናት።

«እናት፣ ይቅርታ፣ የምሳው ቤት ነኝ» አለች። ድምፅዋ ፈርቷል። «ምግቡ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ተመላሽ ተብሎ ተመዘገበብኝ። አድራሹ ምሳ ዕቃው ከብዶት አልተበላም ብሎ ጻፈ። ክዳን መክፈት ለእነሱ ክልክል ነው። ጨው በዛ? ወይስ ቀዝቅዞ ደረሰ?»

«ከፍተሽዋል?»

«ገና አልከፈትኩትም። ፈራሁ።»

«ክፈቺው እስቲ፣ ልጄ።»

የክዳን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ስትቀምስ፣ ስታቃስት፣ ስትስቅ ሰማሁ።

«ዳጣ ነው እንዴ?»

«ባዶውን ልመልሰው ታዲያ?»

«እናት፣ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ሳህን ሞልቶ የመለሰልኝ ሰው የለም። ዕቃውን ሳይታጠብ የሚመልሱልኝ ናቸው ያሉት።» ደግሞ ቀመሰች መሰለኝ። «እርጉዝ ነኝ፤ አንድ ነገር አምሮኝ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከረምኩ። ለካ ይሄ ነው።»

«ለሆድሽ ጥቂት ጥቂት አድርጊው።»

«ማን? እኔ? ሠራተኞቼ ሳያዩት ልደብቀው ነው» አለች፤ ስልኩን ሳትዘጋ እየሳቀች ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ዕቃው እየሞላ መጥቶ እየሞላ ተመለሰ። እሷ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ለሦስት ሰው አደረገችው። እኔ ዳጣ ሳልልክ በሶ በማር አሸሁ፤ በሶ ሳልልክ አይብ በጤና አዳም ለወስኩ፤ አቮካዶ፣ የሽንኩርትና የቃሪያ ሰላጣ፣ እሳት ሳልለኩስ የሚሠራ ነገር ሁሉ ላክሁ። አድራሹ ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ይነጫነጫል።

«ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ እህት ዓለም? ሌላው ቤት ስሄድ ከብጄ ሄጄ ቀልዬ እመለሳለሁ። አንቺ ቤት ግን ስመጣም ከባድ፣ ስወርድም ከባድ። እናንተ ስትጎራረሱ መሐል ላይ እኔ በጠረኑ አለቅኩ።»

«ና፣ ዳቦ በዳጣ ላድርግልህ።»

«እንዲህ ተናገሪ እንጂ» ይልና ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

ቢሆንም ውስጤ አላረፈም። ያለ እሳት የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ከሰው ቤት የበሰለ እየበላሁ ጥሬ መመለስ ጀመርኩ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴና ልጄ ከወጡ በኋላ ማድቤት ገብቼ ክብሪቱን እይዘዋለሁ። ሳጥኑን ነቅነቅ አደርገዋለሁ። መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ «ለዓመት እንክፈል?» ያለችኝ በዚህ መሐል ነው። እሁድ ጸሎት ቤት ቁጭ ብዬ ስብከቱን አልሰማሁም። ይከፈል ብል እሺ ነው፤ ባለቤቴ ደህና ይበላል፣ ቀበቶው ይሰፋል፣ እኔም ከፍርሃቴ ጋር ሰላም አወርዳለሁ። አይከፈል ብል ደግሞ በማግስቱ ምሳ ከየት ይመጣል? ለእግዚአብሔር የነገርኩት ይህንኑ ነው። መልስ አልሰማሁም።

*

ሰኞ ምሳው ዘገየ። ሰውዬው ሲመጣም አልተጣራም። ደረጃውን ዝም ብሎ ወጣና በሩን በጣቱ አንኳኳ። ታሞ መሰለኝ።

«የምሳዋ ባለቤት ወለደች» አለኝ። «ትናንት። ወንድ ነው።»

«እልልል! ታዲያ ምን አኮረፈህ?»

«እኔ ምን አኮረፈኝ። ማድቤቱ ተተራምሷል፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ሠራተኞቹ የእናንተን ምሳ ለማውጣት ይራወጣሉ። እሷ ከማድቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሏ ልጁን ታቅፋ ተኝታለች።»

«ገንፎ በላች?»

ቦርሳውን ከጀርባው አወረደ። «ማን ይሠራላታል? ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ገና መንገድ ላይ ነው። እናቷ ሞታለች። ሠራተኞቹ ልጆች ናቸው፤ ገንፎ ሲሠሩ ጓጎለባቸውና ጣሉት። ስወጣ ዳቦ በሻይ ስትበላ ነው የተውኳት።»

«አራስ ሴት ዳቦ በሻይ?»

«ዳቦ በሻይ።»

ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ እንደያዝኩ ቆምኩ። የወጡ ሙቀት በመዳፌ ገባ። ወር ሙሉ ለእኔ ያበሰለች፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ የምታበስል ሴት፣ በአራስነቷ ገንፎ የሚያገነፋላት አጣች። እኔ ዳቦ በሻይ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ባለቤቴን ያከሳሁት በእሱ ነው።

«አሁን ሌላ የምታደርሰው ምሳ አለህ?» አልኩት።

«አለኝ። እታች ያሉት ብሎኮች።»

«አድርሰህ ተመለስ። ስትመለስ ገንፎው ይደርሳል።»

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው የተናገርኩትን የሰማሁት። እሱ ግን ደረጃውን ወርዷል።

ማድቤት ገባሁ። መጀመሪያ መስኮቱን ከፈትኩ። ሳሙና በሳህን ውስጥ አሸሁ፤ ባለቤቴ እንዳሳየኝ አረፋውን በጣቴ ጎማው መጋጠሚያ ላይ ቀባሁት፤ ሲሊንደሩንም ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረፋው ቁጭ ብሎ ያየኛል። አልተነፋም። ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ አልተነፋም። ሻሼን ፈትቼ ሳሎን ወረወርኩት። እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ክብሪቱን ያዝኩ።

የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ። ሁለተኛው በርቶ ወዲያው በገዛ ትንፋሼ ጠፋ። «አራስ ሴት እኮ ናት» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ለክብሪቱ ይሁን ለእጄ አላውቅም። ቀጣዩ በራ። ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አስጠጋሁት።

ፍ አለ። በቃ። ፍ ብቻ። ዓይኔን ስከፍት ምድጃው ዙሪያ ትንሽ ሰማያዊ እሳት እንደ ገራም በግ ዙሩን ይዞ ቆሟል።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። ውሃ ጣድኩ። ጨው ጨመርኩ። ሲፈላ የገብስ ዱቄቱን አደረግሁና በማማሰያው ማገንፋት ጀመርኩ። ገንፎ ገና ሲጀምር ይለዝብሻል፤ እየጠና ሲሄድ ግን ይታገልሻል። ቀኝ እጄ ከቃጠሎው በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም ነበር። ጠባሳው ሲሳብ ተሰማኝ። ድስቱን ከእሳቱ አውርጄ በጨርቅ በጉልበቴ ደግፌ፣ ማማሰያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎኑን እየገለበጥኩ፣ ሥሩን እየፋቅሁ አንድ ጓል ሳላስቀር አላምኩት። ላቤ በአፍንጫዬ ወረደ። የፍርሃት ላብ አልነበረም፤ የሥራ ነው። ልዩነቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የምሳ ዕቃውን ትልቁን ሳህን አጥቤ ገንፎውን ገለበጥኩበት። መሐሉን በጭልፋ ጀርባ አጎደጎድኩ። ቅቤ አቅልጬ፣ በርበሬ ለውሼ ሞላሁበት። ክዳኑን ዘግቼ በጋቢ ጠቀለልኩት።

ሰውዬው ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን አነሳ። «የእግዚአብሔር ያለህ» አለ። «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? በይ ስጪኝ፣ አደርሰዋለሁ።»

«ገንፎ በሰው እጅ አይላክም» አልኩት። «ተይዞ ተገብቶ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ተብሎ፣ ስትበላ ታይቶ ነው።»

«ታዲያ ታክሲ ያዢያ።»

«በዚህ ሰዓት ሰልፍ አለ። ገንፎ ከበረደ ድንጋይ ነው።»

በደረጃው መስኮት ወደታች ሞተሩን አየ። እኔም አየሁት።

«እህት ዓለም፣ አንቺ እኮ እኔ ሞተር ሳስነሳ በር የምትዘጊ ሴት ነሽ።»

«ቦርሳውን ስጠኝ» አልኩት።

ቀዩን ቦርሳ እኔ አዘልኩት፤ ያለዚያ ከኋላው መቀመጫ የለም። ገንፎው ጀርባዬን አሞቀኝ። የራስ ቁሩን ደፋልኝ። ብሎኩ በር ላይ ጎመን የሚቀነጥሱ ጎረቤቶቼ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«አንቺ፣ ሥራ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

«ጀመርኩ» አልኩ።

«አደራ እኔ ጋ ዶሮ ወጥ!» አለች ሌላዋ፤ ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ተከተለን።

ሞተሩ ሲነሳ የሰውዬውን ጃኬት በሁለት እጄ ጨመደድኩት። እሱ ደግሞ ሰው ሲጭን የድሮው ልማዱ ተነሳበት። «ላፍቶ ላፍቶ ላፍቶ! በሃና ማርያም! ሞልቷል፣ እንሂድ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መዝሙር እላለሁ። አንድ ቁልቁለት ላይ ነፋሱ ፊቴን መታኝና ዓይኔን ከፈትኩት። የመንገዱ ዳር ዛፍ፣ የብሎኬት ክምር፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል። ሰልፈኛው አየኝ። ከዚያ በኋላ አልጨፈንኩም።

«ደህና ነሽ?» አለኝ ሳይዞር።

«አትዘግይ፣ ገንፎው ይበርዳል።»

*

የአራሷ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳው ማዶ የማድቤቱ ድስቶች ይንኳኳሉ። ልጅቷ በስልክ ከማውቀው ድምፅዋ በላይ ልጅ ናት፤ ከእኔ ልጅ ብዙም አትበልጥም። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ቦርሳውን አውርጄ፣ ጋቢውን ፈትቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ እንፋሎቱ ሲወጣ የገዛ ምሳ ዕቃዋን አየች።

«እትዬ» አለች። «የዳጣዋ እትዬ ነዎት?»

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ልጄ።»

የመጀመሪያውን ከቅቤው አጥቅሼ አጎረስኳት። ከዚያ ማንኪያውን ተቀበለችኝና አንገቷን ደፍታ በላች። ሳህኑ መሐል ያለው ቅቤ እስኪጎድል ድረስ ቀና አላለችም። ልጁን እኔ ታቀፍኩት። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ «ጓል አለው?» ብሎ ጠየቀ፤ «ውጣ» አለችው አፏ ሙሉ ሆኖ።

ስትጠግብ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ። እጅጌዬ እንደተጠቀለለ ነው የመጣሁት።

«ይሄ ምን ነካዎት?»

«ቡታጋዝ።»

«ውይ። ታዲያ ገንፎውን በምን ሠሩት?»

«በቡታጋዝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። አእምሮዋ ፈጣን ነው፤ ነጋዴ ናት። ምሳ ዕቃዬ ወር ሙሉ ጥሬ ጥሬውን ለምን እንደያዘ ያኔ የገባት መሰለኝ። ሳቅ አለች፤ ከሳቋ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ።

«እንግዲህ ደንበኛዬን አጣሁ በሉኛ» አለች።

ልጁን መልሼ ሰጠኋትና ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። የተመለስኩት በታክሲ ነው፤ ሰልፉን ጠብቄ፣ አስፋልቱን ለብቻዬ ተሻግሬ።

ባለቤቴ ያን ቀን ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር። በሩን ስከፍት ማድቤት ቆሟል፤ ድስቱን ይዟል፤ ከሥሩ የቀረውን ገንፎ በማንኪያ እየፋቀ ይበላል። አየኝ። ምድጃውን አየ። ጎማው ላይ የደረቀውን የሳሙና አረፋ አየ።

«ማን ነው የለኮሰው?»

«እኔ።»

ማንኪያውን ላሰ። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ድስቱ አዞረ። «እና እኔ ከነገ ጀምሮ ላጤነቴ ቀረ ማለት ነው?» አለ።

«ሽንኩርት ላጥ» አልኩት።

ልጄ ማታ ስትገባ ቤቱ ሽሮ ሸቷል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ማድቤት በር ላይ ቆመች። የሰኞ ማታ ነገር ትዝ ብሏት ስልኳን አወጣች፤ ከዚያ ድስቱን አየችና ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«በቃ አያዋጣም አይደል፣ እማ?» አለች። «ልሰርዘው።»

«ቆይ። አንቺ መሥሪያ ቤት ምሳ ምን ትበያለሽ?»

«እሱ ምን አገናኘው?»

«ንገሪኝ።»

አባቷን አየች። አባቷ ሽሮውን አየ። «ሳምቡሳ» አለች በመጨረሻ። «አንዳንዴ ቦምቦሊኖ።»

የእኛን ምሳ የምትከፍለው እሷ ናት። እኛ ምስር ወጥና አልጫ ስንበላ እሷ በቦምቦሊኖ ትውል ኖሯል። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ግን የማን ልጅ ናት? እሳት ውስጥ ገብታ ያወጣችኝ ልጅ ናት።

«የዚያች ሴትዮ ምሳ መካኒሳ ድረስ ይመጣል?»

«አድራሻውን መቀየር ብቻ ነው።»

«ቀይሪውና ለዓመት ያዢው» አልኳት። «አራስ ቤት ደንበኛ አይቀነስም። ያዋጣል ወይ ብለሽኝ ነበር። አንቺን ካበላ ያዋጣል። ለእኛ የሚያደርገውን አድርጓል።»

ስልኳ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ከዚያ ቀና አለች። «እማ፣ ምሳ ዕቃውን ግን እዚያ ባዶውን ነው የምመልሰው። ቢሮ ውስጥ ምን ላደርግበት ነው?»

ከመደርደሪያው ላይ የዳጣውን ብልቃጥ አውርጄ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ።»

ሳምንት ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አድራሹ ሰውዬ ደወለልኝ። ከኋላው የመካኒሳ መኪና ይጮሃል።

«እህት ዓለም፣ ልጅሽ መሥሪያ ቤቱን አበላሸችብኝ» አለ። «ሁሉም አይተዋት ጀመሩ። አንዷ ቆሎ ትጨምራለች፣ አንዱ ብርቱካን፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከረሜላ ከተተበት። ስሄድም ከባድ፣ ስመለስም ከባድ። ማንን ልክሰስ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ጭስስስ አለ። ዞር ስል ክዳኑ ተነስቶ ምስሩ በድስቱ ጎን እየወረደ ነው፤ እሳቱ ደግሞ እየተንጣጣ ይልሰዋል።

«ቆይ፣ ድስቴ ገነፈለብኝ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።